በድሉ የላጠው መረብ

በድሉ አምቦ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኤሌክትሪክ ሲቀጥል የኖረ፣ እጀ ፈጣን ሰው ነው። በየወፍጮ ቤቱ እየዞረ አዳዲሶቹን ወፍጮዎች ሲገጥም፣ በቀጭኑ የማስነሻ ገመድ ዙሪያ የተጠለፈውን የመዳብ መረብ ልጦ ያወጣዋል፤ መረቡ ካለ ገመዱ አልታጠፍ ይለዋልና። መረቡን ግን አይጥለውም። ጠቅለል አድርጎ ለሴቶቹ ይሰጣቸዋል፤ ድስት ሲፈትጉበት ይመርቁታል።

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኦቦ ዲንሳ ወደ ወፍጮ ቤታቸው አስጠሩት። ሁለት ዓመት ያገለገለው የጤፍ ወፍጮና በድሉ በቀደም የገጠመው የስንዴ ወፍጮ ጎን ለጎን ቆመዋል።

«የጤፉ ማንም ሳይነካው ይነሳል» አሉት። «ዛሬ ሦስተኛው ነው።»

«ጠበልም ረጭተንበታል» አለች ወፍጮውን የምታጸዳው አዴ ጉዴ።

«ኤሌክትሪክ ላይ ጠበል! ከሰይጣኑ በፊት እኔን ልትገድይኝ ነው?»

«አንተንማ ሰይጣኑም አይፈልግህ!»

ተሳሳቁ። በድሉ ማስነሻውን ፈትቶ አየው፤ ደህና ነው። መልሶ ገጠመው። ጉዴ እንደ ልማዷ ክንዷን እስከ ብብቷ የጤፉ ወፍጮ አፍ ውስጥ ከትታ ዱቄት መጥረግ ጀመረች። ሻሿ ሲንሸራተትባት እጇን አውጥታ አጠበቀችው። በዚያው ቅጽበት ኦቦ ዲንሳ ለአንድ ደንበኛ የስንዴውን ወፍጮ አስነሱ።

የጤፉም አብሮ ተነሳ።

ማንም አልሳቀም። በድሉ የገመዱን ቱቦ ከፈተ። የጤፉ ቀጭን የማስነሻ ገመድ ራቁቱን ከወፍራሙ የስንዴ ወፍጮ ገመድ ጋር ተጣብቆ ተኝቷል፤ እሱ ራሱ ነው ያስተኛው። ቀና ሲል ከውሃው በርሜል አጠገብ የጉዴ ድስት ተደፍቷል፤ ላዩ ላይ መረቡ ያብረቀርቃል። አንድ አሠልጣኝ ድሮ ነግሮት ነበር፤ ወፍራሙ ገመድ ሲሠራ አጠገቡ ያለውን ቀጭን ገመድ ይረብሻል፣ ማንም ሳይነካው ሞተር እስከ ማስነሳት ይደርሳል፣ መረቡ ያንን ረብሻ ተቀብሎ ወደ መሬት ይሰደዋል ብሎ። በድሉ ያን ጊዜ «እሱ ለፋብሪካ ነው» ብሎ አልፎታል።

ዋናውን ማብሪያ አጠፋ።

«ገበያተኛው ተሰልፎ እኮ ነው!» አሉ ኦቦ ዲንሳ።

«አዲስ ገመድ ሳልዘረጋ አይነሳም፣ ኦቦ። ጥፋቱ የእኔ ነው። በእጄ ነው የላጥኩት።»

ጉዴ ክንዷን በነጠላዋ ሸፈነች።

በድሉ ግን ሌላ ነገር እያሰበ ነበር። ጊንጪ ሁለት ወፍጮ ቤት፣ ደንዲ አንድ። ሁሉም ጋ መረብ ሰጥቷል፤ ሁሉም ጋ ተመርቋል። ስልኩን አውጥቶ ጊንጪ ደወለ። ይጠራል። አይነሳም። ደንዲ ደወለ። ይጠራል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ወፍጮው እያጓራ፣ ስልክ ማን ይሰማል?