የሐሙስ ካሴት

ትናንት ሮማ፣ ፒኜቶ ሰፈር፣ ትራሙ ሐዲዱን እያፋጨ ሲታጠፍ ሳላስበው አጨበጨብኩ። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝ። ይየኝ!

በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ እናቴና ጓደኞቿ በየሰው ቤት ተቀጥረው ሲሠሩ እረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓት ነበር። እዚሁ ሰፈር በተከራየናት አንዲት ክፍል ይሰበሰቡና ከመካከላቸው እትዬ ዘነበች ክራራቸውን እየመቱ ይዘፍናሉ። ቴፑ ወንበር ላይ ሆኖ እነሱንም፣ በመስኮቱ ሥር የሚያልፈውን ትራምም ይቀዳል። የሁሉም እጅ በረኪና በረኪና ይሸታል፤ በዚያው እጃቸው ያጨበጭባሉ። እኔም አጨበጭባለሁ፣ ሁልጊዜ ዘግይቼ።

አንድ ሐሙስ፣ ካሴት እያሳተመ የሚሸጥ ያገራችን ሰው መጥቶ የተቀዳውን ሰማ።

«አሎራ፣ እንግዲህ እትዬ፣ ድምፅዎ ግሩም ነው» አለ። «ስቱዲዮ ገብተን በኦርጋን እናሳምረው። ትራሙ ይውጣ፣ ጭብጨባውም ይውጣ። በተለይ ይቺ ምት የምትስተዋ ልጅ።»

አንገቴን ደፋሁ። እትዬ ዘነበች ክራራቸውን ጭናቸው ላይ አስተኙት።

«ስማ ልጄ፣ ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ድምፃችንን አጥፍተን ነው የምንሠራው። ሐሙስ የኛ ነው። እሷን ካወጣህ እኔንም አውጣኝ።»

ሰውዬው ሄደ። ካሴቱ ሱቅ ባይገባም፣ ከቴፕ ቴፕ እየተቀዳ ሮማ ውስጥ ያልደረሰበት የሠራተኛ ክፍል አልነበረም።

እኔ ዘንድ ያለው ቅጂ አርጅቶ ይሻክራል፤ የእትዬ ዘነበች ድምፅ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ትራሙ ግን ቁልጭ ብሎ ያልፋል። እሱ አልፎ፣ እጁ ሁሉ ዝም ካለ በኋላ፣ አንዲት ጭብጨባ ጧ ትላለች።

እኔ ነኝ።