አባቴ ድንጋይ የተሸከመበት ቅዳሜ

ነጭ ሰፊ ኮፍያ ያደረገ አዛውንት ባየሁ ቁጥር ባባ ሲፎ ትዝ ይሉኛል። ልጅ ሳለሁ፣ በስደት አገር ትሮይቪል በሚባል ሰፈር፣ ከእሳቸው ጋር አንድ ግቢ ውስጥ እንኖር ነበር። በወጣትነታቸው ክሪኬት ተጫውተው ደመወዝ ከበሉ የመጀመሪያዎቹ የሰፈራቸው ልጆች አንዱ ነበሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ ሲል ዳኛ ሆኑ። የሚታሹት ቅባት ሽታ ከእሳቸው ቀድሞ ይደርሳል። የኳስ መምቻውን እንጨት፣ የባትን አያያዝ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

ያን ቅዳሜ ለከተማው የሴት ልጆች ቡድን ምርጫ ነበር። ጥሩ ከተጫወትኩ እገባለሁ፤ ካልሆነ ቀረ። አባቴ ዱርንፎንቴን ያለችውን ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ ስለ ጨዋታው ግን የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ገና ሞቅ ሲለኝ ኳሷ በአጠገቤ አልፋ ከኋላዬ የቆመችው ልጅ እጅ ገባች። ሁሉም ጮኹ። የዕለቱ ዳኛ ባባ ሲፎ ጣታቸውን ወደ ላይ አነሱ፤ ወጥተሻል ማለት ነው። የሚወጣው ኳሷ ባት ነክታ ከተያዘች ነው። ባቴን የነካች አልመሰለኝም፤ ግን በዚያ ጫጫታ ምን አውቃለሁ? እዚያው ደርቄ ቀረሁ።

አባቴ ጣታቸውን ሲያነሱብኝ አይቶ ሽማግሌ ያስቀየምኩ መሰለው። በእሱ አገር፣ በወሎ፣ ይቅርታ የሚለመነው ድንጋይ ተሸክሞ ነው። ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ አደረገና ጎንበስ ብሎ ሜዳ ገባ። ሊወረውር ነው ብለው ልጆቹ ተበታተኑ። ባባ ሲፎ ንቅንቅ አላሉም።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፣ ይማሩልኝ በይልኝ» አለኝ አባቴ። ይህን በእንግሊዝኛ እንዴት እንዳልኩት እንጃ። ባባ ሲፎ ድንጋዩን ተቀብለው ሣሩ ላይ አኖሩት። በእኛ ወግ ድንጋይ የተቀበለ ምሯል። የአባቴ ፊት በራ፤ «በይ ተመልሰሽ ተጫወቺ» አለኝ።

«አውት ናት» አሉ ባባ ሲፎ። «ያወረድኩለት ስለከበደው ነው።» ከዚያ አባቴን ትንሽ አዩትና፣ «እኔን ከጨዋታ ሲያስወጡኝ የለመነልኝ ሰው አልነበረም» ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ሳልመረጥ ቀረሁ። «ምረውሽ የለም እንዴ፣ ምን ያስለቅስሻል?» ይለኛል አባቴ በመንገድ ሁሉ። ማን ላይ እንደምናደድ ግራ ገባኝ። በአባቴ አፍሬአለሁ፤ ደግሞ ኮርቼበታለሁ።

ባባ ሲፎ ካረፉ ቆዩ። ዛሬ ኳሷ ባት መንካት አለመንካቷን ካሜራ ይለያል፤ እንደ እኔ ግራ ተጋብቶ የሚቀር የለም። እንዲያም ሆኖ ያን ጊዜ ይናፍቀኛል። አባቴ አርጅቷል፤ ጨዋታ ሲኖር አጠገቤ ተቀምጦ በቴሌቪዥን ያያል። ሰሞኑን አንድ ወጣት ተጫዋች ተፈርዶበት አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ፣ አባቴ የመልበሻ ክፍሉ በር እስኪዘጋበት ድረስ በዓይኑ ተከተለውና ወደ እኔ ዞረ።

«ይሄ ልጅ ሰው የለውም እንዴ?» አለኝ።