ሰማንያ ላይ ነቅያለሁ

ሉሳካ፣ ቼልስተን ሰፈር ውስጥ ሚዮባን የማያውቅ ቢኖር እንኳ መኪናዋን ያውቃል። በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የምትሄድ፣ ከጃፓን አገልግላ የመጣች ሃይብሪድ ናት። ሚዮባ ከአስተማሪነት ጡረታ ስትወጣ ነው የገዛቻት፤ አያያዟ ግን አራስ ልጅ የያዘች ነው የሚመስለው! ባትሪው ከሃያ በመቶ በታች አይወርድም፤ ሰማንያ ሲደርስ ሶኬቱ ይነቀላል። ፀሐይ ላይ አትቆምም፣ ከማንጎው ሥር እንጂ።

«ሆድን ቁንጣንም ረሃብም ይጎዳዋል» ትላለች። ለባትሪ! ግን አልተሳሳተችም፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ እስክትመለስ የቤንዚን ሞተሩ አንዴም አይነሳም ነበር።

እናቷ ቾማ ከተማ አልጋ ሲይዙ፣ ለማስታመም በአውቶቡስ ሄደች። ቁልፉን ለባሏ ለሂሞንዴ ሰጠችው።

«የቾልዌ አባት፣ አደራህን። ከሃያ እንዳይወርድ፣ ከሰማንያ እንዳያልፍ።»

«አይ አንቺ! ለእኔ ሆድ እንዲህ ተጨንቀሽ ታውቂያለሽ?»

ዓመት ከወር ቆየች። ሂሞንዴ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሳይደውል የቀረበት ቀን የለም። መጀመሪያ ስለ አማቱ ይጠይቃል፤ ከዚያ «ሰማንያ ላይ ነቅያለሁ» ይላል። አሮጊቷ እንኳ በሕመማቸው መሃል «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ መኪናዋን አገባት እንዴ?» እያሉ ይስቁ ነበር።

እናቷን ቀብራ ተመለሰች። ጎረቤቷ ቲሳውኬ ለቅሶ ልትደርስ መጥታ፣ አልቅሳ አጽናናቻትና ወሬ ጀመረች።

«ባልሽ ግን ይባረክ። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ኳስ የሚያየው እናንተ ግቢ ነው። ቢራው ራሱ በረዶ!»

«መብራት ጠፍቶ በምን?»

«በመኪናሽ ነዋ! ከኋላዋ ሶኬት አላት አይደል? ቴሌቪዥኑም ማቀዝቀዣውም እዚያ ነው የሚሰካው። መብራት ሲመጣ ጢም ያደርጋታል፣ ሲጠፋ እስክትነጥፍ ያልባታል። አልነገረሽም እንዴ?»



እሑድ ጠዋት ሚዮባ በእጇ ሰማንያ አድርሳ ነቀለችና ሂሞንዴን አጠገቧ አስቀምጣ ነዳች። ገበያው ጋ እንኳ ሳይደርሱ ሞተሩ ጓ ብሎ ተነሣ። መንገዱ ገና ግማሽ ነበር።

«ይኸው ሰማንያህ።»

«ባትሪ ያረጃል እኮ፣ ሚዮባ። ዕቃ ነው።»

«ያረጃል። ስለ ባትሪው ማን ጠየቀህ? እናቴ እያቃሰተች፣ 'ቤቴስ ደህና ነው' ብዬ የምተኛው ያቺን ቃልህን ሰምቼ ነበር። በየቀኑ ደውለህ፣ በየቀኑ ዋሸኸኝ።»

«እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ነው።»

«እል ነበራ! ሠላሳ ሲቀር ቴሌቪዥኑን ንቀል ብዬ እፈቅድልህም ነበር ይሆናል። አሁን አናውቀውም።»

እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሞተሩ አልጠፋም።

አመሻሽ ላይ ሂሞንዴ ከማንጎው ሥር ድምፁን አለስልሶ ተጣራ፦ «የቾልዌ እናት፣ ሰማንያ ደርሷል። ልንቀለው?»

ሚዮባ የበቆሎ ገንፎውን፣ ንሺማውን፣ ማማሰሏን ተወችና ድስቱን ከእሳት አውርዳ፣ በዓይኗ ልታይ ወጣች።