«ታድግበታለች» ተብሎ የተገዛ ዘንግ

ልጅ እያለሁ ልኬ የሆነ ነገር ለብሼ አላውቅም። ኮቴ ጉልበቴ ድረስ ይወርዳል፤ ጫማዬ ጫፉ ላይ ጥጥ ይጠቀጠቅበታል፤ የሹራቤ እጅጌ ሦስቴ ይታጠፋል። አባዬ ሱቅ ውስጥ ልብሱን ከትከሻዬ ጋር ያስተያይና ሁለት ቁጥር ከፍ ያለውን አንስቶ «ታድግበታለች» ይላል። በቃ፣ ይግባኝ የለውም። ልብሱ ልኬ የሚሆነው ክርኑ ሳስቶ፣ ቀለሙ ለቅቆ ሲያበቃ ነው። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ሁሉ ይህን ሕግ ታውቁታላችሁ። አሜሪካ መምጣታችንም አልሻረውም፤ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ እንኳን በዚሁ ሕግ ተገዛልኝ።

ኦክላንድ በገባን በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዲቪ ደርሶት ይዞን የመጣው አባዬ ሌሊት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል፣ ጠዋት ደግሞ ሄይዋርድ መጋዘን ገብቶ ካርቶን ያነሳል። የማየው ወይ ሲተኛ ወይ ሊወጣ ጫማውን ሲያስር ነበር። እና አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ቅዳሜ ከኮንኮርድ ወዲያ ወዳለው ውሃ ለሽርሽር እንሂድ ሲሉ አባዬ ፈቃድ ጠየቀ፤ ያውም ከሁለቱም ሥራ! እሱ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ነው። ውሃ ሲባል አፉ አላስቻለውምና በጉባኤው ፊት «ምሳ ላይ ዓሣ ከእኛ ነው! ሕሊና ታጠምዳለች» ብሎ አወጀ። ሕሊና እኔ ነኝ። እንዲህ ያለው ወዶ አልነበረም፤ እሱ ላይሰንስ፣ ማለትም የማጥመጃ ፈቃድ፣ የለውም፤ ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን ያለ ላይሰንስ ማጥመድ ይችላል። የአባዬ ክብር እንዲህ ሆኖ እኔ እጅ ላይ ወደቀ። እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ዓሣ የማውቀው በሳህን ነበር።

ዘንጉን የገዛነው ሳን ሆዜ፣ እሑድ እሑድ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ ነው። ቦታው የተጠበሰ በቆሎና የመኪና ጎማ ይሸታል። ሻጩ ሽማግሌ ቁመቴን አየና ባለ አረንጓዴ እጀታ፣ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ቀጭን ዘንግ አቀበለኝ። ሳወዛውዘው ጫፉ እሺ ይላል፤ ወዲያው ወደድኩት። አባዬ ግን ዓይኑ ከጥግ የቆመው ላይ ነበር፤ ከመሃሉ የሚጋጠም፣ ቁመቱ አሥር ጫማ የሚሆን ግንድ። ዝዋይ ላይ ደንገሉን አልፎ ጥልቁ ውሃ ላይ የሚያደርሰው ረጅም ሸምበቆ ነው፤ አጭር የያዘ ልጅ ቁጭ ብሎ ቁራ ይቆጥራል። ይህን በሰፊው አስረዳኝና ግንዱን አነሳው። ቀጥሎ የሚለውን አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። አረንጓዴውን ዘንግ ዞሬ ዞሬ እያየሁ ወጣሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። ውሃው ዳር እንደደረስን ግን ደንገል የሚባል የለም፤ ያለው በእንጨት የተሠራ የጀልባ ማቆሚያ፣ ሰዎቹ ዶክ የሚሉት መድረክ ነው። ከእኛ አሥር ዓመት ቀድመው የመጡት አውቶቡስ ነጂው ጋሽ ታምሩ ነገሩን አስረዱን። ፀሐይ ሲከር ዓሣው ጥላ ፍለጋ ዶኩ ሥር ይገባል። ስለዚህ እርሳስ ራስና የላባ ጅራት ያላትን ጂግ የምትባል ትንሽ መንጠቆ በሁለት ጣት ይዞ፣ ዘንጉን እንደ ቀስት መልመጥ፣ ከዚያ መልቀቅ! ጂጓ በውሃውና በእንጨቱ መካከል ሽው ብላ ጨለማው ውስጥ ትገባለች። ጋሽ ታምሩ በአጭር ዘንጋቸው ሲያሳዩን ነገሩ ከዓሣ ማጥመድ ይልቅ ወፍ በወንጭፍ መምታት ይመስል ነበር።

እኔ ግንዴን አነሳሁ። መጀመሪያ ጫፉ ከመድረኩ ምሰሶ ጋር ተጋጨ። ሁለተኛ ልለምጠው ብል እጄ ጫፉ ጋ አይደርስም። ሦስተኛ ላይ በሙሉ ኃይሌ ወደ ኋላ ስወረውረው፣ መንጠቆዋ ሰላጣ የሚያማስሉትን የእትዬ ጽጌን ባርኔጣ ከራሳቸው ላይ አንስታ ውሃ ውስጥ ጨመረችው። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከምድጃው አጠገብ «ወንድም ግርማ፣ ምሳው ባርኔጣ ነው እንዴ?» አለው አባዬን። አባዬም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። ሁለት ቀጣሪ ለምኖ ያገኛት አንድ ቅዳሜ እንዲህ መሳቂያ ሆና ልታልቅ ነው።

ጋሽ ታምሩ አዝነውልኝ ዘንጋቸውን ዘረጉልኝ። «እንኪ ልጄ፣ ይቺን ትራይ አድርጊያት» አሉ። እጄ ሊቀበል ተነሳ። አባዬን አየሁት፤ ውሃውን እያየ ነበር። እጄን መለስኩና «አይ ጋሼ፣ የራሴ ይሻለኛል» አልኩ። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ይሉኝታ ነው እንግዲህ፤ ምን ይደረግ።

አባዬ ሰምቷል። ወደ መኪናው ሄዶ ጥቁር ፕላስተር ይዞ ተመለሰ። ዘንጉን ከመጋጠሚያው ነቅሎ ለሁለት ለየው፤ የክር ማጠንጠኛውን ከታችኛው ግማሽ ፈትቶ ላይኛው ግማሽ ላይ በፕላስተር ጠመጠመው። ቀና ሳይል ሠራና ሲጨርስ አቀበለኝ። «ግማሹን ዛሬ ያዢ» አለኝ፤ «ግማሹ ስታድጊ ይደርስሻል።» አባቴ ስህተቱን ሲያምን የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ እሱንም ያመነው በዚህ መልክ ነው።

አምስት ጫማ! ከአረንጓዴው እምብዛም የማይለይ፣ ጫፉ እሺ የሚል። ጂጓን በጣቶቼ ያዝኩ፣ ለመጥኩ፣ ለቀቅኩ። እንጨት መታች። ደገምኩ፤ ውሃ መታች። አባዬ ከኋላዬ ተንበርክኮ ክርኔን ዝቅ አደረገልኝ፤ የሳሙናውና የካርቶን አቧራው ሽታ አፍንጫዬ ላይ አለ። ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፣ ጂጓ ውሃውን ላስ አድርጋ ጨለማው ውስጥ ጠፋች። ክሩ ተወጠረ። እኔ ጮህኩ፣ አባዬ ከእኔ በላይ ጮኸ፣ እትዬ ጽጌ ባርኔጣቸውን እንደጨመቁ እልል አሉ።

የአባዬን መዳፍ የማታክል፣ ጠፍጣፋ፣ ነጠብጣብ ያለባት ዓሣ ነበረች። ከዚያ በኋላ አንድም አልመጣ። ጋሽ ታምሩ ምግቡን ሲባርኩ፣ «ለአምስት ሺህ ሰው ሁለት ከበቃ፣ ለአርባ ሰው አንድ ምን ያንሳል?» አሉና ሁሉም በጥፍሩ ቆንጥሮ ቀመሰ። አባዬ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ እያፏጨ ነዳ።

ላይኛው ግማሽ ከእኔ ጋር ኖረ፤ ታችኛው ቤታችን ውስጥ ቀረ። ከኦክላንድ ወደ ሄይዋርድ ስንዛወር እማዬ ልትጥለው ብትል አባዬ እምቢ አለና ቁምሳጥን ውስጥ የልብስ መስቀያ አደረገው። ያ ጉልበቴ ድረስ የሚወርደው ኮት ለዓመታት የተሰቀለው እሱ ላይ ነበር።

ባለፈው ወር ከአባዬ ጋር ልጄን ኤደንን ይዘን ሳን ሆዜ ዘንግ ልንገዛ ሄድን። አባዬ ጡረታ ወጥቷል፤ አሁን ቅዳሜው ሁሉ የእሱ ነው። ሻጩ ቁመቷን፣ የምታጠምድበትን ቦታ፣ የጂጓን ክብደት ሳይቀር ጠየቀና አንዲት ቀጭን ዘንግ አመጣ። ኤደን አንዴ አወዛወዘቻትና «አባባ፣ ኢትስ ፐርፌክት!» አለች። አባዬ ከጥግ የቆሙትን ረጃጅሞች አየ፣ አፉን ከፈተ፣ አየኝና ሁለታችንም እዚያው ሳቅን።

የዛሬ ልጆች ሁሉ ነገራቸው ልካቸው ነው። ጫማው በር ላይ ይደርሳል፤ ካልሆነ ይመለሳል። ደስ ይላል፤ ልጄ ጥጥ ጠቅጥቃ እንድትሄድ አልፈልግም። ግን አንድ ነገር ዘግይቶ ገብቶኛል። ያ ሰው በማያውቀው አገር፣ ኪራዩን ለሚቀጥለው ወር ከየት እንደሚያመጣ ሳያውቅ፣ ለእኔ የሚገዛው ሁሉ የሚቀጥለውን ዓመት አስቦ ነበር። ያን ሁሉ ትልቅ ልብስ የለበስኩት እሱ እንደማድግ እርግጠኛ ስለነበረ ነው። ይህን በጊዜው ባውቅ ኖሮ ስለ ኮቱ ያን ያህል ባላለቀስኩ።

በማግስቱ ታችኛውን ግማሽ ከአባዬ ቁምሳጥን አወጣሁት። የላይኛውን ፕላስተር ልጬ፣ አሽቼ፣ ማጠንጠኛውን ወደ ቦታው መልሼ ሁለቱን አጋጠምኳቸው። ኦክላንድ ባሕሩ ዳር ወረድን፤ እዚያ ሥሩ የሚገባበት ዶክ የለም፣ ሩቅ መጣል ነው። ላይሰንሴን ኪሴ ከትቼ ግንዱን በሁለት እጄ ወደ ኋላ ወስጄ ለቀቅኩት። ክሩ ሄደ፣ ሄደ፣ የወደቀበትን ለማየት አባዬ መነጽሩን አወጣ። ከዚያ እኔንም ዘንጉንም ከታች እስከ ላይ፣ ልክ ሱቅ ውስጥ እንደሚያደርገው፣ አስተያየን።

«ልክሽ ነው» አለኝ።