በእንሰት ዘፈን እጄን ያነሳሁ ዕለት

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ነገሩን ዛሬ ከተኛበት የቀሰቀሰችው የእህቴ ልጅ ሳራ ናት። ባለፈው ሳምንት ከሰርግ ተመልሳ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አጠገቤ ዘፍ አለችና ስልኳን ከፈተችልኝ። የጸሎት ቤታችን ወጣት መዘምራን ዱንጉዛ ለብሰው፣ የወላይታው ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ጥለት ዓይን እስኪያጥበረብር ድረስ፣ በአገራችን ምት ወገባቸውን እያወዛወዙ ይዘምራሉ። ከሙሽሮቹ ኋላ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ቆመው ያጨበጭባሉ።

«አክስቴ፣ እናንተም እንዲህ ትዘምሩ ነበር?» አለችኝ።

«እኛ እንዲህ ብንዘምር ኖሮ ሰርጉ ወዲያው የሽማግሌዎች ስብሰባ ይሆን ነበር» አልኳት።

ቀልድ መሰላትና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ምሳዬን ስበላ፣ ዕቃ ሳጥብ፣ ማታም ጋደም ስል ያ ዓመት አልለቀቀኝም።

ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ከሆነ ጥቂት ዓመታት ቢያልፉ ነው። ሶዶ ልታድግ ነው ተብሎ በየመንገዱ ዳር ድንጋይና አሸዋ ይከመር ነበር። ክረምት ሲመጣ ቀዩ ጭቃ ጫማችንን እየነጠቀ ያስቀርብናል፣ በጋ ሲሆን ደግሞ ያው አፈር አቧራ ሆኖ ከፀጉራችን ላይ ይሰፍራል። በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል፣ ወደ ዳሞት ተራራ ከሚያወጣው መንገድ ዳር አንድ የኪነ ጥበብ ማዕከል ተከፈተ። ስሙ ረጅም ነበር፤ እኛ ግን «አዳራሹ» ብቻ እንለው ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት ነውና በየወሩ አንድ ነገር አይጠፋም። ኅዳር ላይ የሥዕል ዐውደ ርእይ ሆነ። ገበያተኛው ሸክሙን በር ላይ እያስቀመጠ ይገባል፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ይዞራል። አንዲት እናት አንድ ትልቅ በሬ ከተሳለበት ሥዕል ፊት ቆመው «ስንት ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ አስጎብኚው «እማማ፣ ይሄ የሚሸጥ አይደለም» ይላቸዋል። «በሬውን ማን ጠየቀህ? መግቢያውን ነው እንጂ። ሳልከፍል ገብቼ እንዳልሆነ ብዬ ነው» አሉት። መግቢያው በነፃ መሆኑን ሲሰሙ ወጥተው ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ተመለሱ። የካቲት ላይ ሸማኔዎች መወርወሪያቸውን ይዘው መጥተው እዚያው ሲሠሩ ታዩ። ሚያዝያ ላይ ተማሪዎች ቲያትር አሳዩ። ሴት ልጁን ያለ ፈቃዷ የሚድር አባት ሆኖ የሠራው ልጅ እንዴት አድርጎ ቢሠራው፣ ከመሃል ረድፍ አንዲት ሴት ተነስታ «ልቀቃት አንተ፣ የሰው ልጅ አይደለችም?» ብላ ጮኸችበት። ልጁ ደንግጦ ልጅቷን ለቀቃት።

እኔና አዳራሹ የተገናኘነው በገና በዓል ነው። የየጸሎት ቤቱ መዘምራን እዚያ እንዲዘምሩ ተጋበዙ። የእኛ ሽማግሌዎች ሦስት ሰንበት ሙሉ ተወያዩበትና «መዝሙር የትም ቢዘመር መዝሙር ነው» ብለው ፈቀዱ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ የቀረውን ከመዝሙር መጽሐፍና አባቴ የሰፋውን ልብስ ከሚጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ነው የለቃቀምኩት። ድምፅ ግን ነበረኝ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ድምፅ እንደ ቁመት ነው፣ ሰው ሠርቶ አያመጣውም። በዚያ ገና አንድ መዝሙር ብቻዬን ዘመርኩና የአዳራሹ ኃላፊ ጋሽ ዓለሙ ሰሙኝ።

ጋሽ ዓለሙ የቀድሞ አስተማሪ፣ ቀጭን፣ ጨዋታ የሚወዱ ኦርቶዶክስ ነበሩ። ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ሱሪ ለማሳጠር ብለው ወደ አባቴ ልብስ ስፌት መጡ። አባቴ አቶ ጳውሎስ ገበያው ዳር በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ልብስ ይሰፋል፤ በጸሎት ቤታችን ደግሞ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበር። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ።

«አቶ ጳውሎስ፣ ልጅዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አሉ ጋሽ ዓለሙ።

አባቴ ቀና ሳይል «ሽማግሌ የታል?» አላቸው።

«ለጋብቻ አይደለም። ለጊፋታ ነው።»

ጊፋታ የእኛ የዘመን መለወጫ ነው፤ መስከረም ውስጥ ነው የሚውለው። ጋሽ ዓለሙ የዓመቱን መዝጊያ ትልቅ በዓል ለዚያ ቀን አስበውታል። ሴቶች ተሰብስበው እንሰት ሲፍቁ የሚሉት ዘፈን መድረክ ላይ እንዲሰማ ፈልገው የሚያወጣላቸው ሰው አጥተዋል። «የገጠሮቹ እናቶች ሰው ፊት ሲቆሙ አፋቸውን በነጠላ ይይዛሉ። የከተማዎቹ ልጆች ደግሞ አያውቁትም» አሉ። «አስቴር ታውቀዋለች አሉኝ።»

አውቀዋለሁ። ቦዲቲ አጠገብ ገጠር ከምትኖረው ከአባቴ ታላቅ እህት፣ ከአክስቴ አመነች፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እየሄድኩ የለመድኩት ነው። ግን ዘፈን ነበር። በእኛ በወንጌል አማኞች ዘንድ ያኔ ዘፈን የዘፈነ ምእመን ይታገዳል። ከመዘምራን ይወርዳል፣ የጌታ እራት ሲታደልም አይቆርስም። ለእኔ ደግሞ ከመዘምራን መውረድ ማለት እሑድን ከሳምንቱ ላይ መቁረጥ ነበር፤ ሌላ ምን ነበረኝ? አዳራሹንም ግን ወደድኩት። ያ መብራት፣ ያ ፀጥታ፣ ሰው አንዱን ነገር ለማየት ብሎ ብቻ ከቤቱ ወጥቶ መምጣቱ።

ጋሽ ዓለሙ ከሄዱ በኋላ አባቴ የስፌት መኪናውን ረገጥ ረገጥ አደረገና አቆመው።

«አልከለክልሽም፤ ሂጂም አልልሽም» አለኝ። «ሁለቱንም የምታገኚ ግን አይምሰልሽ።»

«አንተስ? ሽማግሌ ነህ። ሰው ምን ይልሃል?»

«የኔን ለኔ ተዪው።» ጨርቁን አስተካክሎ መስፋቱን ቀጠለ።

የመዘምራን መሪያችን ወንድም ዮሐንስ አዘነልኝና መላ አመጣ። «እህት አስቴር፣ መጨረሻው ላይ አንድ ሃሌ ሉያ ጣል አድርጊበት። መዝሙር ሆነ ማለት ነው። ማን ያውቅብሻል?»

«ጋሽ ዓለሙ ያውቁብኛል።»

«እሳቸው ቢጮኹስ ምን ያመጣሉ? ያኔ ዘፈኑ አልቋል እኮ» አለኝ። ወንድም ዮሐንስ እንዲህ ነበር፤ ሁሉንም ወገን አስደስቶ ማደር ይፈልግ ነበር።

ሐምሌ ላይ ግጥሙን በደንብ ልያዝ ብዬ አክስቴ ዘንድ ወረድኩ። ሚኒባሱ ቦዲቲ አደረሰኝ፣ ከዚያ በጭቃ በእግሬ። አክስቴ ጓሮ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር እንሰት ትፍቅ ነበር። ዘንበል ባለው ሳንቃ ላይ ግንዱን በአንድ እግሯ ይዛ፣ በቀርከሃ መፋቂያው ወደ ታች ስትስበው ነጩ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ጉድጓድ ውስጥ የከረመው ቆጮ ሽታ ከዝናቡ ሽታ ጋር ይቀላቀላል። ዘፈኑ ከሥራው አይለይም፤ ቀርከሃው ሲወርድ ድምፁ ይወርዳል፣ ሲነሳ ትንፋሽ ይወሰዳል። በወላይትኛ ነው። አንዷ ጎረቤቷን ትጠራለች፤ ዝናቡ ሳይጠና ነይ፣ የኔን ጨርሰን ወደ አንቺ እንሂድ፣ ብቻዬን እጄ ከበደኝ ትላታለች። ይኸው ነው ነገሩ።

«አባትሽ ያውቃል?» አለችኝ አክስቴ።

«ያውቃል።»

«ምን አለ?»

«ሂጂም ቅሪም አላለኝም።»

«እሱ ከልጅነቱም ሲቆጣ አያስፈራም፤ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው።» ትንሽ ፋቀችና ቀጠለች። «ይህን ዘፈን እናታችን ስትለው ጀርባዋ ላይ የነበረው እሱ ነው። ካመነ ወዲህ ከአፉ ወጥቶ ሰምቼ አላውቅም።»

የጊፋታ ዕለት ሶዶ በቅቤ ሸተተች። በየግቢው በሬ ታርዶ ሥጋው ይከፋፈላል፣ ከቆጮ የሚሠራው ሙቿ በቅቤ ርሶ በትልቅ ሳህን ይቀርባል፣ የዳጣው ቃሪያ ከበር ያስነጥሳል። ከቦዲቲ፣ ከቢጠና፣ ከቦምቤ የመጣ ሰው አዳራሹን ሞላው፤ ወንበር ያጣው በመስኮት ይመለከታል። «ዮዮ ጊፋታ» ብሎ መልካም ዘመን የማይመኝ አፍ አልነበረም። አባቴ አልመጣም። ጠዋት ስወጣ ዱንጉዛዬን ከትከሻዬ ላይ አስተካከለልኝ፣ ተርፎ የወጣ ክር ስቦ በጥርሱ በጠሰልኝ፣ ወደ ቤት ገባ።

መድረኩ ላይ ሁለት እናቶች እንሰቱን መፋቅ ሲጀምሩ እኔ ከመሃላቸው ቆሜ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ስንኝ እንደ አክስቴ አልኩት። ሁለተኛው ላይ «ብቻዬን እጄ ከበደኝ» የምትለው ጋ ስደርስ አንድ ነገር ልቤን ያዘውና ዓይኔን ጨፈንኩ። ዓይኔን ጨፍኜ መዘመር ከሕፃንነቴ የለመድኩት ነው። ዓይኔ ሲጨፈን ደግሞ ቀኝ እጄ መንገዱን ያውቃል። ተነሳ። መዳፌን ዘርግቼ፣ ፊቴን ወደ ላይ አድርጌ፣ ጎረቤት ለእንሰት ፍቂያ እየጠራሁ ቆምኩ።

እኔ ይህን አላወቅሁም። በኋላ የነገሩኝ ነው። ከታች መጀመሪያ አንዲት ሴት እጇን አነሳች አሉ። ከዚያ አጠገቧ ያሉት። ግማሹ አዳራሽ እሑድ እሑድ በየጸሎት ቤቱ የሚውል ሰው ነው፤ እጅ ሲነሳ ካየ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ዘፈኑን ስጨርስና ድምፄ ሲያርፍ፣ ከጭብጨባው በፊት፣ አዳራሹ በአንድ አፍ «አሜን» አለ።

ዓይኔን ስገልጥ ያ ሁሉ ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። ከዚያ ሳቁ መጣ፣ ከሳቁ ኋላ ጭብጨባው። እንሰት የሚፍቁት እናቶች እንኳ ቀርከሃቸውን ጥለው አጨበጨቡ። ጋሽ ዓለሙ ከመጋረጃው ኋላ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አገኘኋቸው።

«እንሰቱን አጠመቅሽው እኮ፣ ልጄ» አሉኝ። እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ መለየት አቃተኝ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። አባቴ ከመካከላቸው ተቀምጧል። የጠየቁኝ አባባ ባሳ ናቸው፤ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ እናቴ ስትታመም ውሃ በአህያ ያስቀዱልን ነበር።

«እህት አስቴር፣ መዝፈንሽ አንድ ነገር ነው፤ ወጣት ይሳሳታል። እጅሽን ያነሳሽው ግን ለማን ነው?»

«አላወቅሁም አባባ። ስዘምር ይነሳል።»

«ስትዘፍኚ ነበር እኮ።»

«እጄ አልለየውም።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነ። አባባ ባሳ ግን አልሳቁም። «ሕዝብ አሜን አስባልሽ። ለእንሰት አሜን ተባለ። ነገ ልጆቻችን የቱ አምልኮ የቱ ጨዋታ እንደሆነ በምን ይወቁ?» አሉኝ። እውነቴን ነው፣ ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም። ተጸጽተሽ እንደሆነ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ጸሎት ቤቱን ስላሳዘንኩ ይቅርታ እላለሁ፣ ዘፈኑ ግን የአያቴ ነው አልኩ። እስከ ፋሲካ ታገድኩ። አባቴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ወደ ቤት ስንሄድ ከፊቴ ቀድሞ ይራመድ ነበር። ጀርባውን እያየሁ አፈረብኝ አልኩ። አንድ ቃል እንኳ፣ ልጄ ናት፣ ልጅ ናት ማለት አቅቶት ነው ብዬ ተቀየምኩት።

ይህን ሁሉ ለሳራ ነገርኳት። ስልኳ ላይ ያሉት ልጆች አሁንም ያንኑ ምት እየረገጡ ነው፤ ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም አልጠየቃቸውም። በእነሱ አልቀናም ብል እዋሻለሁ፤ ግን ደስታው ይበልጣል። ሳስበው፣ እነ አባባ ባሳ ያንን አጥር ሲያጥሩ በቅናት ወይም በክፋት አልነበረም። በልጅነታቸው ስለ እምነታቸው የተሰደቡ፣ የተገረፉ ሰዎች ናቸው። በብዙ ዋጋ ያገኙት ነገር ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ እንዳይጠፋባቸው ይፈሩ ነበር። ዘፈኑም ደግሞ የፈራው ያንኑ ነበር፣ መጥፋትን። ሁለት ፈሪዎች በአንዲት ልጅ እጅ ላይ ተገናኙ። አዳራሹ ዛሬም አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ስብሰባ ይካሄድበታል።

«አያቴስ?» አለች ሳራ። «እሱ ምን አለሽ?»

ምንም አላለኝም። ያደረገውን ግን ነገርኳት።

በጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች ከፊት፣ ከመድረኩ አጠገብ፣ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው ነበር የሚቀመጡት። ወንድ በቀኝ፣ ሴት በግራ ነው። የታገደች ሴት በግራ በኩል የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። በታገድኩ በመጀመሪያው እሑድ እዚያ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ አባቴ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ገባ። የሽማግሌዎቹን ወንበር አልፎ፣ የወንዶቹን ጎን አልፎ፣ ወደ ሴቶቹ ጎን ተሻገረና አጠገቤ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። የጌታ እራት ሲታደል ሳህኑ ደረሰው፤ ያዘውና ቁራሽ ሳያነሳ ለቀጣዩ ሰው አሳለፈ። እስከ ፋሲካ ድረስ በየእሑዱ እዚያው ተቀመጠ።