የመሠረት ግድግዳ

ምንያህል በዚህ ዓለም ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የሚያምነው ዲዲቲን ነበር። ይህን ቢሉት ይቆጣል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ ነው። መቂ አካባቢ አስራ ስምንት ዓመት የወባ መድኃኒት ረጭቷል። በመጨረሻ የረጪዎች አለቃ ሲያደርጉት ቁጣውም አብሮ ተሾመ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። መድኃኒቱ የቤት ግድግዳ ላይ ይረጫል፤ ደም የጠጣች ትንኝ ልታርፍ ግድግዳው ላይ ስትቀመጥ ትሞታለች። የሚረጨው በክረምት ነው። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ሴቶቹ ለእንቁጣጣሽ ቤታቸውን በጭቃና በእበት ይለቀልቁታል፤ መድኃኒቱም ከሥር ተቀብሮ ይቀራል። ሰው ሁሉ በዓል ደረሰ ብሎ ሲደሰት ምንያህል የሚበሳጨው በዚህ ነበር። መዝገቡን ይዞ ቤት ለቤት እየዞረ የለቀለቀችውን ሁሉ ይጽፋል፤ ጽፎም አይበቃው፣ ይሳደባል።

አንድ ዓመት ታላቅ እህቱ መሠረትም ለቀለቀች። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የሰባት ዓመት ልጇ ልዕልት በወባ ሞተች። ምንያህል ልጅቷን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚያያት። ሐዘኑ መውጫ ቢያጣ በለቅሶው ድንኳን፣ የእድሩ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ እህቱ ፊት ቆመ።

«አትለቅልቂ ብዬሽ ነበር። ልጅሽን የገደልሻት አንቺ ነሽ» አላት።

መሠረት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እውነትም ለቅልቃ ነበርና ምን ትበል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ተዘጋጉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ ምንያህል ግን ወግቶም አልረሳም። ይቅርታ ልጠይቃት ብሎ ሲነሣ «ታዲያ ዋሸሁ?» እያለ ራሱ ራሱን ይመልሰዋል። ሁለት ዓመት ቆይቶ አገሩን ለቀቀና ብዙ ተንከራትቶ ፍራንክፈርት ገባ።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2013 ዕድሜው ሃምሳ አራት ነበር። ሮደልሃይም በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ ከሰዓት በኋላ በባቡር ሆኽስት እየሄደ የአንድ ላቦራቶሪ ወለል ያጸዳል። ላቦራቶሪው የሚያረባው ትንኝ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲፈጃቸው የኖረ ሰው፣ ትንኞች የስኳር ውሃ ሲቀለቡ እያየ ወለላቸውን መወልወሉ ለራሱም ያስቀዋል።

እዚያ የምትሠራ ራውዳ የምትባል የአገሩ ልጅ አለች፤ በልጅነቷ መጥታ እዚሁ ተምራ የላቦራቶሪ ባለሙያ የሆነች። አንድ ቀን ጠረጴዛዋን ሊወለውል ሲጠጋ ሁለት የፕላስቲክ ቱቦዎች አየ።

«ጋሼ ምንያህል፣ እሱን እንዳይነኩት፤ ፌርዙኽ ላይ ነኝ» አለችው። ሙከራ ማለቷ ነው።

በሁለቱም ቱቦዎች ውስጥ በዲዲቲ የተነከረ ወረቀት አለ። በአንደኛው ትንኞቹ በጀርባቸው ወድቀዋል። በሌላኛው ያሉት ወረቀቱ ላይ እንደ ልባቸው ይራመዳሉ።

«የዚህኛው ወረቀት አርጅቷል» አለ ምንያህል፣ የድሮ ሙያው ቀስቅሶት።

«አላረጀም። ወረቀቱ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለያዩት ትንኞቹ ናቸው። እነዚህ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ናቸው። ብዙ ዓመት ሲረጭባቸው ደካሞቹ አለቁ፣ የቻሉት ወለዱ። አሁን ሬዚስተንት ሆነዋል፤ ዲዲቲ አይገድላቸውም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰው ሳያውቅ ብዙ ቆይቷል ይላሉ።»

ምንያህል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በሥራ ሰዓት ሲቀመጥ ራውዳ አይታው አታውቅም። ልዕልት የሞተችበት ዓመት ረጪዎቹ መጥተው «አለቃ፣ ረጭተነው ያልተለቀለቀ ግድግዳ ላይ ትንኝ አርፋ ሳትሞት አየን» ብለውት ነበር። እሱ ግን «ዱቄቱን አሳንሳችሁ፣ ውሃውን አብዝታችሁ ነው» ብሎ አባረራቸው። ሄዶ እንኳ አላየም።

ሁሉንም ለራውዳ ነገራት።

«የአንድን ቤት ነገር አሁን ማንም ማወቅ አይችልም፣ ጋሼ» አለችው። «ግን ትንኞቹ እንዲህ ከነበሩ፣ እህትዎ ባትለቀልቀውም አይሞቱም ነበር።»

በማግስቱ የእህቱን ቁጥር ከአክስታቸው ልጅ ተቀብሎ ደወለ።

«እታለም፣ ምንያህል ነኝ» አላት። ያየውን ሁሉ ተረከላት። «ጥፋቱ የአንቺ አልነበረም። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።»

መሠረት መለሰች። «ይህን ለእኔ ለብቻዬ ነው የምትነግረኝ? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ያልከውን ጆሮዬ ላይ ሹክ ብለህ አታነሣውም። የሚመጣው እሑድ የእድር ስብሰባ አለ።»

እሑድ የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ግርማ ስልኩን ከድምፅ ማጉያው አስጠግተው ያዙት። ምንያህል ሮደልሃይም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ተናገረ። ሲጀምር ፈርቶ ነበር። ትንኞቹ መድኃኒቱን መቻላቸውን፣ ረጪዎቹ ነግረውት አለመስማቱን፣ ያላየውን ነገር እንዳየ ሆኖ በእህቱ ላይ መፍረዱን አንድ በአንድ አስረዳ። በመዝገብ ጽፎ የሰደባቸውንም ሴቶች ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ስልኩን መሠረት ተቀበለች።

«ልጄን አይመልስልኝም» አለች።

«አይመልስም።»

«ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱን ለቅልቄው አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። ግድግዳው ሲፈረፈር፣ ሰው ሲታዘበኝ፣ እጄ ጭቃ መንካት ፈራ።»

ምንያህል አለቀሰ። ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ እንደዚያ አልቅሶ አያውቅም።

«ትናገራለህ ብዬ ሐሙስ ዕለት ጭቃ አስቦክቻለሁ» አለች መሠረት። «ነገ ሴቶቹ መጥተው ያግዙኛል።»

እንባውን በእጅጌው ጠረገ። «ዘንድሮ የሚረጩት ሌላ መድኃኒት ነው አሉ» አላት። «ከርጭቱ በፊት ይድረቅልሽ።»

«እሺ፣ አለቃ» አለችው።