ገበያው የተዘጋበት ሰኔ

ዛሬ ጠዋት አራዳ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ሰዎች ይከራከሩ ነበር። የሌላ አገር ጦርነት ነው፤ ድል ያደረገው መንግሥት የያዘውን ከተማ እንዴት ያስተዳድር የሚል። አጠገቤ የነበረ ወጣት፣ «ስልቱ ከሠራ ሕዝቡ ትንሽ ቢራብ ምን አለበት?» አለ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

በደርግ ጊዜ አይከል ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ሠራዊቱ አማፂዎቹን አባርሮ ከተማዋን ሲይዝ ተኩሱ ቆመ፤ እኛም እፎይ አልን። ወታደሮቹ ግን ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሰፈሩ፤ እህል ለአማፂ እንዳይደርስ ተብሎም ገበያው ተዘጋ። ወሩ ሰኔ ነበር፤ መንገዱ በጭቃ የሚላቆጥበት፣ የገበሬው ጎተራ የሚራቆትበት። ሽሮ ያለ ጨው በላን። ጨው የሌለው ሽሮ በልቶ የማያውቅ ሰው ስለ ስልት ባያወራ እመርጣለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ካሣ የአስተዳደሩ ካድሬ ነበር፤ የምንኖረውም አብረን ነው። እራት በቀረበ ቁጥር እንጣላለን።

«ጦርነቱ አልቋል ካላችሁ ምነው እንደ ምርኮኛ ያዛችሁን?» እለዋለሁ።

«አንቺ የምታዪው ድስትሽን ነው፤ አመራሩ አገር ያያል» ይለኛል።

አንድ ቀን የጦሩ አዛዥ ሕዝቡን ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰብስቦ፣ «ስለ አመራራችንና ስለ ስልታችን ያለ ፍርሃት ተናገሩ» አለ። እኔ አመንኩት። ተነሥቼ፣ «ገበያ የተዘጋበት ገበሬ ልጁን ወደ ማን እንደሚልክ አስባችኋል? አማፂ የምታበዙት እናንተው ናችሁ» አልኩ።

«ይህን ማን አስተማረሽ?» አለኝ አዛዡ።

መልስ ሳልሰጥ ካሣ ከአዛዡ ጎን ካለው ወንበር ተነሣ።

«ማንም አላስተማራትም። ትናንት በስብሰባችን ይህንኑ ያልኳችሁ እኔ ነኝ፤ አልሰማችሁኝም» አለ።

ለካ እቤት እኔን እየሞገተ የሚደግፈውን ነገር እነሱ ፊት ሲቃወመው ኖሯል። ሁለት ወታደሮች ክንዱን ይዘው ወደ መኪናቸው ሲወስዱት ዞር ብሎ፣ «ለእናታችን እንዳትነግሪ» አለኝ።

በዚያ ክረምት ብዙ ጎረምሳ ጫካ ገባ። መስከረም ላይ ገበያው ሲከፈት አዛዡ በድምፅ ማጉያ፣ «ይህ የአመራሩ ብስለት ውጤት ነው» ብሎ ሕዝቡን አስጨበጨበ። ካሣ ያኔ ገና እስር ቤት ነበር። ሲፈታ አንድ ጆሮው አይሰማም፤ ስለ መንግሥትም ዳግመኛ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሞተ።

እርጅና ብዙ ነገር አለዝቦልኛል፤ ያንን ረሃብ እንኳ። መንግሥት ይሳሳታል፤ እሱ ያለ ነው። ስሕተቱን የነገረውን ሰው አስሮ፣ በዚያው ሰው ምክር የሚመሰገን መንግሥት ግን ዛሬም አንጀቴን ያሳርረዋል።